ኪው ይዤ ዩ ሳላገኝ ስቀር ምን ላድርግ? (የተወሰኑ ፊደሎች ያሉበት የእንግሊዝኛ ቃል አፈላለግ)

ማክዳ_7፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን በስማቸው ነው የምጽፈው፣ ኪው፣ ኤክስ፣ ዜድ እያልኩ።

እኔና ሁለት እህቶቼ ማታ ማታ ስክራብል (በእጃችን ካሉ ፊደሎች ሰሌዳ ላይ ቃል እየሰራን ነጥብ የምንሰበስብበት ጨዋታ) መጫወት ከጀመርን ስድስት ወር ሊሆነን ነው። እንግሊዝኛችንን ያሻሽልልናል ብለን ነው የገባንበት፣ አሁን ግን ጨዋታውን ራሱን በጣም ወደድነው። ቅዳሜ እለት እጄ ላይ የነበሩት ሰባት ፊደሎች እነዚህ ናቸው፦ ኪው፣ አይ፣ ኤን፣ ቲ፣ ኤ፣ አር፣ ኤስ። ከኪው በቀር ሁሉም የሚገጣጠሙ ጥሩ ጥሩ ፊደሎች ናቸው። ኪው ደግሞ ያለ ዩ አትሄድም ተብለን ነው ያደግነው፣ ስለዚህ ዩ ትመጣልኛለች እያልኩ በቀሩት ፊደሎች ትናንሽ ቃል እየሰራሁ ጠበቅኩ ጠበቅኩ አልመጣችም፣ ጨዋታው ሲያልቅ ኪው እጄ ላይ ቀረች፣ 10 ነጥብ ተቀነሰብኝ፣ በ6 ነጥብ ተሸነፍኩ። ሌሊቱን ሙሉ ፊደሎቹ ፊቴ ላይ እየመጡ እንቅልፍ ከለከሉኝ።

ሁለተኛው የልጄ ጉዳይ ነው። ሰባት አመቱ ነው፣ እንግሊዝኛ ማንበብ እየጀመረ ነው፣ እና "ሲ እና ኬ ተከታትለው የሚገኙባቸው አስር ቃላት" የሚል የቤት ስራ ይዞ መጣ። ቁጭ ብለን ማሰብ ስንጀምር ጭንቅላቴ የሚያመጣልኝ በድምፅ ነው። "ክ" ስል ኬክም ይመጣል፣ ካትም ይመጣል፣ ኩዊንም ስኩልም ይመጣል፣ አንዳቸውም ሲ-ኬ የላቸውም። በእኛ ፊደል ስለለመድን መሰለኝ፣ የሰማነውን ነው የምንጽፈው።

ኢንተርኔት ላይ ፊደል ስታስገቡ ቃል የሚያወጡ ሳይቶች አሉ፣ ሞክሬአለሁ፣ ግን 400 ቃል ያፈስልኛል ከዛ ውስጥ የማውቀው አምስት አይሞላም። እና ጥያቄዬ፣ እናንተ ቃል ስትፈልጉ ከጭንቅላታችሁ እንዴት ነው የምታወጡት? ሳይቱንስ ስትጠቀሙ እንዴት ብትጠይቁት ነው የሚረባ ነገር የሚሰጣችሁ?


ሰባት_ታይል፦

ማክዳ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያሳዝነውን ልንገርሽ። ሰባቱም ፊደሎችሽ አንድ ላይ ቃል ይሰሩ ነበር። ኪንታርስ፦ ኪው-አይ-ኤን-ቲ-ኤ-አር-ኤስ። ኪንታር የአልባንያ ሳንቲም ነው፣ ኤስ ሲጨመርበት ብዙ ቁጥር ይሆናል። ሰሌዳው ላይ የምታስገቢበት ቦታ ካገኘሽ ፊደሎቹ 16 ነጥብ፣ ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ስለጨረስሽ ደግሞ 50 ጉርሻ፣ 66። ቦታ እንኳን ቢጠፋ ትራንክ (ቲ-አር-ኤ-ኤን-ኪው) የሚል ነበረሽ፣ ትራንኩላይዘር የሚለው ሲያጥር ነው። እሱም ቢጠፋ ኪ ነበረችሽ፣ ኪው-አይ፣ ሁለት ፊደል ብቻ። ከቻይንኛ የመጣ ቃል ነው፣ የሰውነት ውስጥ ሀይል እንደማለት ነው፣ አንድ አይ ባለችበት ሁሉ ትገባለች። ማንም ስክራብል ተጫዋች መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው።

አሁን ዩ የሌላቸው የኪው ቃላት ከየት እንደመጡ ካወቅሽ ለማስታወስ አትቸገሪም፣ በተለይ ለአማርኛ ተናጋሪ በጣም ቀላል ነው። አብዛኞቹ የዐረብኛ ቃላት ናቸው፣ ኪውዋ የቆመችው በእኛ "ቀ" ቦታ ነው። ቃዲ (ኪው-ኤ-ዲ-አይ)፣ ፈቂር (ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር)፣ ኒቃብ (ኤን-አይ-ኪው-ኤ-ቢ)፣ ቃት (ኪው-ኤ-ቲ፣ ጫት ማለት ነው)፣ እና በጣም የምወደው ሱቅ። አዎ ሱቅ ራሱ፣ ኤስ-ዩ-ኪው፣ ገበያ ማለት ነው፣ ዩ ብትኖረውም ከኪው በፊት ናት። የዕብራይስጡ ፊደል ቆፍም አለ፣ ኪው-ኦ-ፒ-ኤች፣ የእኛው ቃፍ ወንድም። ስለዚህ ኪው ስትመጣብሽ "ክ" ብለሽ ሳይሆን "ቀ" ብለሽ አስቢ፣ እንግሊዝኞቹ "ክ" እያሉ ቢያነቡትም።

ዩ ለምን እንደምትከተላት ደግሞ ታሪክ አለው። በድሮ እንግሊዝኛ ኩዊን የሚጻፈው በሲ እና በደብሊው ነበር፣ ሲ-ደብሊው-ኢ-ኤን፣ ኪው የሚባል ነገር አያስፈልጋቸውም ነበር። ከ1066 የኖርማኖች ድል በኋላ ፈረንሳይኛ የለመዱ ጸሀፊዎች ናቸው ሲ-ደብሊውን እየሰረዙ ኪው-ዩ ያስገቡት። ስለዚህ ህጉ የሚሰራው እነሱ ባለፉበት ቃል ላይ ብቻ ነው፣ ከዛ በኋላ ከዐረብኛና ከቻይንኛ የገባውን አይመለከትም።

ከጭንቅላት ስለማውጣት የጠየቅሽው ላይ የእኔ እምነት ይሄ ነው፣ አንድ ፊደል ይዘሽ ቃል አትፈልጊ። የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻውን አይኖርም፣ ጎረቤት አለው፣ ጎረቤቱን ፈልጊ። ኤክስ ስትመጣብሽ "ኤክስ ያለበት ቃል" ካልሽ ጭንቅላትሽ ዛይሎፎን ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም በኤክስ የሚጀምር ቃል እጅግ ጥቂት ነው። ግን ኢ-ኤክስ ብለሽ ከጀመርሽ ኤግዚት፣ ኤክስትራ፣ ኤክስፐርት፣ ኤግዛም ይጎርፋል። መጨረሻ ላይ ኦ-ኤክስ ካልሽ ቦክስ፣ ፎክስ። አይ-ኤክስ ካልሽ ሲክስ፣ ሚክስ፣ ፊክስ፣ ማትሪክስ። ፊደሏ ያው ናት፣ የገባሽበት በር ነው የተለየው።

እጅሽ ላይ ስታደራጂም እንደዛው ነው። አይ-ኤን-ጂ ካለሽ ሶስቱን አንድ ላይ አድርገሽ ወደ ቀኝ ለያቸው፣ ከዛ የቀሩትን አራቱን ብቻ እያገላበጥሽ እይ። ለምሳሌ ኤ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ቢኖርሽ ኢንግን ስታወጪ የሚቀርሽ ኤስ-ቲ-ኤ-አር ነው፣ ስቴሪንግ (አፍጥጦ ማየት) ሆነልሽ። ያቺኑ ኤስ ወደ መጨረሻ ብትወስጃት ሬቲንግስ። ኢ-አር፣ ኢ-ዲ፣ አር-ኢ፣ ዩ-ኤንም እንደዚሁ እየተለዩ ይቀመጣሉ። ኤስን ግን ዝም ብለሽ አታባክኛት፣ ከ100ው ታይል (ፊደል የተጻፈባቸው ጡቦች) አራት ብቻ ነች። ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ አርክቴክት ነበር፣ በ1930ዎቹ ስራ በጠፋበት ጊዜ ጋዜጣ ላይ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ እየቆጠረ ነው ነጥቡንና ብዛቱን የወሰነው፣ ኢ 12 ስትሆን ኪው አንድ የሆነችው በዛ ነው። ኤስን ግን ሆን ብሎ አሳንሷታል፣ ሁሉም ሰው በብዙ ቁጥር ብቻ እንዳይጫወት።

ባለ ሁለት ፊደሎቹን በደንብ ያዢ። ኤክስ፦ ኤ-ኤክስ፣ ኢ-ኤክስ፣ ኦ-ኤክስ፣ ኤክስ-አይ፣ ኤክስ-ዩ። ዜድ፦ ዜድ-ኤ። ጄ፦ ጄ-ኦ። ኬ፦ ኬ-ኤ፣ ኬ-አይ። ቪ ያለበት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ግን የለም፣ አትድከሚ፣ ቪን ቶሎ ማውጣት ነው።


ፓተርን_ፈላጊ፦

ከላይ ያለው ጥሩ ነው፣ እኔ የሳይቱን ጥያቄ ልመልስ። 400 ቃል የሚያፈስልሽ ጥያቄሽ ሰፊ ስለሆነ ነው። "እነዚህ ፊደሎች ያሉበት" ማለት ቢያንስ አራት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ፊደሎቹ ተከታትለው ይምጡ? ቃሉ ውስጥ የትም ተበታትነው ይኑሩ? ቦታቸው የታወቀ ነው፣ ለምሳሌ ሶስተኛው ፊደል ኤክስ የሆነ? ወይስ ከእነዚህ ፊደሎች ውጪ ሌላ እንዳይገባ ነው የምትፈልጊው፣ ስክራብል ላይ እንደሚያስፈልግሽ? የልጅሽ የቤት ስራ የመጀመሪያው ነው፣ ያንቺ የቅዳሜ ማታው የመጨረሻው ነው። ሳይቶቹ ላይ ሳጥኑ ስለሚለያይ ብዙ ሰው የተበታተነውን ፈልጎ የተከታተለውን ሳጥን ይሞላና የለም ይለዋል።

እኔ አዘውትሬ የምጠቀመው ዋንሉክ የሚባለውን ሳይት ነው። ጥያቄ ምልክት ? አንድ ፊደል ማለት ነው፣ ኮከብ * ደግሞ ምንም ያህል ፊደል። ስለዚህ ??ኤክስ?? ብትዪው (ፊደሉን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ማለቴ ነው) ባለ አምስት ፊደል ሆኖ መሀሉ ላይ ኤክስ ያለውን ብቻ ያመጣል። # ተነባቢ ብቻ፣ @ አናባቢ ብቻ ነው። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን ሁለት ነጥቡ ነው፣ : ብለሽ ትርጉም ትጨምሪበታለሽ። በቢ-ኤል የሚጀምርና ከበረዶ ጋር የሚገናኝ ብለሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ ቢ-ኤል*፣ ከዛ ሁለት ነጥብ፣ ከዛ ስኖው። 400ው ቃል ወዲያው ይቀንሳል፣ የሚቀሩትም ትርጉማቸውን የምትገምቻቸው ናቸው።

ኮምፒውተር ላይ የቃላት ፋይል ካለሽ ደግሞ ኢንተርኔትም አያስፈልግሽም። ኢኔብል የሚባል ለማንም ነጻ የሆነ ዝርዝር አለ፣ ወደ 173,000 ቃል ነው፣ ኤክሴል ላይ ገልብጠሽው ፊልተር ውስጥ "የያዘ" የሚለውን መርጠሽ ትጠቀሚያለሽ። ሁለት ፊደል ተበታትነው እንዲገኙ ከፈለግሽ ነገሩን አታወሳስቢው፣ መጀመሪያ ኤክስ ያላቸውን አጣሪ፣ የተጣራውን ደግሞ በዜድ አጣሪ፣ አለቀ።

ግሬፕን (ፋይል ውስጥ ጽሁፍ የሚፈልግ የኮምፒውተር ትዕዛዝ ነው) ለምታውቁ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንድ ነገር አለች። ኪው ሆኖ ዩ ያልተከተላት ለማግኘት ኪው[^ዩ] ብለው ይጽፋሉ። ይሄ ትራንክንና ሱቅን ይጥላቸዋል! ምክንያቱም [^ዩ] ማለት "ከዩ ሌላ የሆነ አንድ ፊደል" ነው እንጂ "ምንም የለም" አይደለም፣ በኪው የሚያልቅ ቃል ደግሞ ቀጥሎ ፊደል የለውም። ኪው([^ዩ]|$) መሆን አለበት፣ $ የቃሉ መጨረሻ ነው። ይሄንን ያወቅኩት አንድ ማታ ሙሉ ኢራቅ የሚለው ስም ለምን እንደማይመጣልኝ ስፈልግ ነው።

ሌላው፣ ማክ ኮምፒውተር ላይ አብሮ የሚመጣው የቃላት ፋይል ከ1934ቱ የዌብስተር መዝገበ ቃላት የተወሰደ ነው፣ ከ230,000 በላይ ቃል አለው ግን ብዙ ቁጥሮች በአብዛኛው የሉበትም። ቦክስ አለ፣ ቦክሰስ የለም። እዛ ላይ ፈልገሽ ስላጣሽው ቃሉ የለም አትበይ። በሌላ በኩል ለየት ያለ ጥያቄ ስትጠይቂ በጣም ደስ የሚል መልስ ይመጣል፦ በኤም-ቲ የሚያልቅ ቃል ፈልጊ፣ ድሬምት (ዲ-አር-ኢ-ኤ-ኤም-ቲ) እና ከሱ የተወለዱት ብቻ ናቸው። በጂ-አር-ዋይ የሚያልቅ ፈልጊ፣ ለረጅም ጊዜ ሰው የሚናገራቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፣ አንግሪ እና ሀንግሪ (በዩ የሚጻፈው)። ሶስተኛው የቱ ነው የሚል እንቆቅልሽ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሰው ሲያደክም ኖሯል፣ ያኔ የሚታወቅ መልስ አልነበረውም፣ አሁን ግን በኤ የሚጻፈው ሀንግሪ (ርቦት የተናደደ) መዝገበ ቃላት ገብቷል።


ቲቸር_ብርሀን፦

እኔ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው ስለዚህ ስለ ልጅሽ ብቻ ልናገር። ማክዳ "በድምፅ ነው የሚመጣልኝ" ያልሽው ትክክለኛው ችግር እሱ ነው፣ ልጆቹም ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። የእኛ ፊደል "ላ" ሲል ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ምልክት ውስጥ ነው፣ ልጁ የሚያየው አንድ ነገር ነው። እንግሊዝኛው ግን አንዷን "ክ" በሲ፣ በኬ፣ በሲ-ኬ፣ በኪው፣ አንዳንዴ በሲ-ኤች (ስኩል፣ ኬሚስትሪ) ይጽፋታል። "ፍ"ም በኤፍ፣ በፒ-ኤች (ፎን)፣ በጂ-ኤች (ላፍ) ትመጣለች። ስለዚህ ልጁን "ክ የሚል ቃል አምጣ" አትበዪው፣ ይደናገራል።

ሲ-ኬ ቦታ አላት፣ ቦታዋን ንገሪው። አጭር አናባቢ ካለፈ በኋላ፣ ወዲያው ተከትላ፣ ብዙ ጊዜ ቃሉ ሲያልቅ ነው የምትመጣው። ባክ፣ ኔክ፣ ሲክ፣ ሎክ፣ ደክ። ከፊቷ ሌላ ተነባቢ ካለ ኬ ብቻ ነው፣ ሚልክ። ሁለት አናባቢ ካለፈም ኬ ብቻ ነው፣ ቡክ፣ ሉክ፣ ዊክ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ በጭራሽ አትመጣም። ይሄንን ካወቀ የሚፈልገው ቦታ ጠበበለት።

ከዛ ቃሉን እንደ ፊደል ገበታ አስነጂው። ለ ሉ ሊ ላ እያልን ወደ ጎን እንደሄድነው ማለት ነው። ኤል በግራ፣ ሲ-ኬ በቀኝ ወረቀት ላይ ጻፊለት፣ መሀሉን ባዶ ተዪው፣ አናባቢዎቹን በየተራ ያስገባ፦ በኤ ላክ፣ በአይ ሊክ፣ በኦ ሎክ፣ በዩ ለክ። በኢ ሲሞክር የሚታወቅ ቃል አይሆንም፣ ያንንም ራሱ ይወቀው። በዲ ደግሞ በኢ ዴክ፣ በኦ ዶክ፣ በዩ ደክ። ከዛ ወደ ታች፣ አናባቢውን ሳትነኪ የመጀመሪያውን ብቻ መቀየር፣ ባክ፣ ፓክ፣ ሳክ፣ ራክ፣ ብላክ፣ ትራክ። አስሩ ቃል በአስር ደቂቃ ያልቃል፣ ከዛም በላይ ይተርፈዋል። እኔ ክፍል ውስጥ ይሄን ስጀምር ዝም ብለው የሚቀመጡ ልጆች ናቸው መጀመሪያ እጃቸውን የሚያወጡት፣ ምክንያቱም ማስታወስ ሳይሆን መስራት ሆነላቸው።

አንድ አደራ ብቻ። ከሳይት ላይ ኦ-ዩ-ጂ-ኤች ያለባቸው ብለሽ ዝርዝር አውጥተሽ እንዳትሰጪው። ዞ፣ ስሩ፣ ተፍ፣ ኮፍ፣ ባው፣ አምስቱም በእነዚሁ አራት ፊደሎች ነው የሚያልቁት፣ አምስቱም ሌላ ሌላ ድምፅ ነው። ለትልቅ ሰው የሚያስገርም ነገር ነው፣ ለሰባት አመት ልጅ ግን ትናንት ያወቀውን ነገር ሁሉ ያፈርስበታል። አንድ አጻጻፍ፣ አንድ ድምፅ፣ ለአንድ ሳምንት።


ትርጉም_ይቅደም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ አልስማማም፣ በተለይ ከመጀመሪያው መልስ ጋር። ማክዳ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብላ ነው የገባችው፣ አሁን የአልባንያ ሳንቲም ስም ሸምድጂ እየተባለች ነው። ኪንታር የሚለውን ቃል በህይወቷ ማን ፊት ነው የምትናገረው? እኔም አንድ ጊዜ እንደዚህ ዝርዝር ሸምድጄ ነበር፣ ወር አልቆየም ሁሉም ጠፋ፣ የቀሩት ትርጉማቸውን አይቼ አረፍተ ነገር የሰራሁባቸው ብቻ ናቸው። ፊደል ፈልጎ ቃል ማግኘት ጥሩ ነው፣ ግን ከወጣልሽ 400 ውስጥ ሶስት መርጠሽ መዝገበ ቃላት ላይ አይተሽ ካልያዝሻቸው ጊዜ ማጥፋት ነው የሚመስለኝ።


ሰባት_ታይል፦

ሀሳብህን አከብራለሁ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው የምናወራው። ለጨዋታው ትርጉም ግዴታ አይደለም። ናይጄል ሪቻርድስ የሚባለውን የኒውዚላንድ ሰው ተመልከት፣ በ2015 የፈረንሳይኛውን የስክራብል የአለም ሻምፒዮና አሸነፈ፣ ፈረንሳይኛ አይናገርም! ዘጠኝ ሳምንት አካባቢ የቃላት ዝርዝሩን አጥንቶ ነው የገባው። በ2024 ደግሞ የስፓኒሹን አሸነፈ፣ ስፓኒሽም አይናገርም። ለእሱ ቃል ማለት የፊደል ቅርፅ ነው። እኔ እንደሱ ሁኑ አላልኩም፣ ግን ኪ የምትለዋን ቃል ለመጫወት የቻይና ፍልስፍና ማንበብ አያስፈልግም። ማክዳ ደግሞ ቅዳሜ ማታ የከነከናት ኪውዋ ናት።


ትርጉም_ይቅደም፦

እሺ፣ ለጨዋታው እቀበላለሁ። ለልጁ ግን አልቀበልም።


ቲቸር_ብርሀን፦

ለልጁማ ማንም አላለም። ላክ፣ ሊክ፣ ሎክ ሲል እኮ ሎክ ላይ ቆልፎ ያሳያል፣ ሊክ ላይ ምላሱን ያወጣል፣ ትርጉሙ አብሮ ነው የሚሄደው።


አምስት_ሳጥን፦

እኔ ስክራብል አልችልም ግን ዎርድል (የተደበቀ የእንግሊዝኛ ቃል የሚገመትበት የኢንተርኔት ጨዋታ) በየቀኑ ነው የምጫወተው፣ እና ጥያቄው ለእኔም ይመለከተኛል ምክንያቱም እሱም ፊደል ይዞ ቃል መፈለግ ነው፣ ባለ አምስት ፊደል፣ ስድስት ሙከራ። ብዙ ሰው አዲዩ (ኤ-ዲ-አይ-ኢ-ዩ) ብሎ ይጀምራል አራት አናባቢ ስላለው፣ እኔም እንደዛ ነበር የማደርገው፣ ኋላ ላይ ግን ገባኝ፣ አናባቢ ማወቅ ብዙ አያጠብም። ኢ እና ኤ አለ ብትባል በመቶ የሚቆጠር ቃል ነው የሚቀርህ፣ ተነባቢዎቹ ናቸው ቃሉን የሚለዩት። አሁን ስሌት (ኤስ-ኤል-ኤ-ቲ-ኢ) ብዬ ነው የምጀምረው፣ ሶስት ጥሩ ተነባቢና ሁለት ዋና አናባቢ።

ትልቁ ወጥመድ ግን ጎረቤቶቹ በሙሉ ተገኝተው የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ስትቀር ነው። አይ-ጂ-ኤች-ቲ ወጣልህ እንበል፣ ላይት፣ ናይት፣ ራይት፣ ሳይት፣ ማይት፣ ፋይት፣ ታይት፣ ኤይት፣ እያንዳንዱን በተራ ብትሞክር ሙከራው ያልቃል። ያኔ ትክክል እንደማይሆን የምታውቀውን ቃል መወርወር ነው። ፊልምስ ብትል፣ ኤፍ-አይ-ኤል-ኤም-ኤስ፣ በአንድ ሙከራ ኤፍን፣ ኤልን፣ ኤምን፣ ኤስን አራቱንም ጠየቅክ። ከባዱን ሁኔታ (የተገኙትን ፊደሎች ሁሌ እንድትጠቀም የሚያስገድደውን) ካበራኸው ግን ይሄ አይፈቀድም። ሰባት_ታይል "ጎረቤቱን ፈልጊ" ያለው እዚህ ይገለበጣል፣ ጎረቤት ሲበዛብህ መውጫ መፈለግ አለብህ።

አናባቢ ሲጠፋባችሁ ደግሞ ዋይን አትርሱ። ሚዝ፣ ኒምፍ፣ ሊንክስ (ኤል-ዋይ-ኤን-ኤክስ)፣ ክሪፕት፣ ጂፕሲ፣ ሁሉም ያለ ኤ ያለ ኢ ያለ አይ ያለ ኦ ያለ ዩ ነው የሚጻፉት። ሪዝምም አለ፣ አር-ኤች-ዋይ-ቲ-ኤች-ኤም፣ እሱ ስድስት ፊደል፣ ሚዝና ሊንክስ ደግሞ አራት አራት ስለሆኑ ለዎርድል አይሆኑም እንጂ።


ማክዳ_7፦

ሁላችሁንም በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ እንደዚህ አይነት መልስ አልጠበቅኩም። ኪንታርስ የሚለውን ሳይ ግን ልቤ ደነገጠ፣ 66 ነጥብ እጄ ላይ ይዤ ነበር ለካ።

ቲቸር፣ የገበታውን ነገር ዛሬ ከልጄ ጋር ሞከርነው። ኤል እና ሲ-ኬ ጽፌለት አናባቢዎቹን ራሱ አስገባ፣ ከዛ ማቆም አቃተው፣ አስራ ዘጠኝ ቃል ጻፈ፣ ሁለቱ የሌሉ ቃላት ነበሩ፣ አንዱን ይኖራል ብሎ ተከራከረኝና መዝገበ ቃላት ከፍተን አየን። ትርጉም_ይቅደም፣ ያልከውም ገብቶኛል፣ ደብተር አውጥቻለሁ፣ በየቀኑ ሶስት ሶስት ቃል ከነትርጉሙ ልጽፍ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ኤክስና ዜድ አንድ ላይ ያለበት የሚታወቅ ቃል አለ? እህቴ የለም ብላ ድርቅ ብላለች። ደግሞ ኪ ኤስ ትቀበላለች?


ፓተርን_ፈላጊ፦

እህትሽ ትሳሳታለች፣ ማክሲማይዝ! ኤም-ኤ-ኤክስ-አይ-ኤም-አይ-ዜድ-ኢ። ኦክሲዳይዝም አለ፣ ዝገት ላይ የሚባለው። ከቀልብ የሚያመልጠው አንድም ሰው ዜድ ሲባል ዚብራና ዙ ስለሚያስብ ነው፣ አይ-ዜድ-ኢ የሚለው ቅጥያ ነው የዜድ ትልቁ ቤት። ግን ተጠንቀቂ፣ ብዙ እንግሊዛውያን በኤስ ነው የሚጽፉት፣ ትምህርት ቤት በኤስ ከተማራችሁ እህትሽ ያላየችው ለዛ ሊሆን ይችላል። ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ግን በዜድ ነው የሚጽፈው። ኪውና ኤክስ ከፈለግሽ ኤክስኩዊዚት፣ ኪውና ዜድ ከፈለግሽ ኩዊዝ፣ ኳርትዝ፣ ስኩዊዝ። ጄና ኤክስ፣ ጂንክስ።


ሰባት_ታይል፦

አዎ ትቀበላለች፣ ኪው-አይ-ኤስ። እና ላንቺ አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሰሌዳው ላይ የአንድን ፊደል ነጥብ ሶስት እጥፍ የሚያደርገውን ካሬ ሁልጊዜ በአይንሽ ጠብቂው። በቀኙም ከታቹም አይ ካለች፣ ኪውን እዛ ካሬ ላይ ስታስቀምጫት ኪ ወደ ጎን ትሆናለች፣ ኪ ወደ ታችም ትሆናለች። 10ሯ 30 ትሆንና ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች፣ 31 እና 31፣ በአንዲት ታይል 62። አሁን ኪው ስትወጣልሽ ዩ አትጠብቂ፣ አይ ያለችበትን ቦታ ፈልጊ።


ማክዳ_7፦

62 በአንዲት ኪው! ቅዳሜ ስንጫወት ለእህቶቼ ሳልነግራቸው ነው የምሞክረው፣ የሆነውን እመጣና እጽፍላችኋለሁ።